ብረት ሲወደድ ቤት መሥራት፦ የቱን አሁን፣ የቱን በኋላ፣ የቱን ጭራሽ መተው

የብረት ዋጋ አልቀመስ ካለ ቆየ። መርካቶ ደውላችሁ ብትጠይቁ «ይሄ ዋጋ እስከ ማታ ነው» ይሏችኋል። ቴሌግራም ላይ የሚለጠፈው ዝርዝርም በማግስቱ ያረጃል። ስለዚህ እዚህ የብር ዋጋ አልጽፍም፤ አንብባችሁ ሳትጨርሱት ይለወጣል። የምጽፈው የራሱን መኖሪያ ጀምሮ ወይም ሊጀምር አስቦ «አሁን ልግዛ ወይስ ልጠብቅ? ይሄን ልያዝ ወይስ ያንን?» እያለ ለሚያመነታ ሰው ነው። ቤቱ ምድር ብቻ ወይም ጂ+1 ይሁን። ባለ ብዙ ፎቅ የሚያቆም ባለሀብት የራሱ አማካሪ አለው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ብዙ ሰው የሚቆጥበው መቆጠብ ከሌለበት ቦታ ነው። ከኮለኑ (ከምሰሶው) ስታፋ (ረጃጅሞቹን ብረቶች ዙሪያቸውን የሚያስረውን ቀለበት) ይቀንሳል፣ ሳሎኑን ግን «ሰፋ ይበልልኝ» ይላል። ባለ 12 ሚሊሜትሩን ብረት ትቶ ቀጠን ያለውን ይገዛል፣ የውጭ በሩን ግን ከወፍራም ላሜራ በጌጥ ያሠራል። ከታች ያሉትን ምርጫዎች ሁሉ የማነጻጽረው በዚህ ዓይን ነው።

መጀመሪያ፦ ብረትና ሲሚንቶ አንድ ዓይነት ችግር የለባቸውም

ፌሮ (የአርማታ ብረት) የሚያመርቱ ፋብሪካዎች እዚሁ አሉ። አብዛኞቹ ግን የሚሠሩት ቢሌት የሚባለውን ጥሬ ብረት ከውጭ አስመጥተው፣ አግለው በመዳመጥ ነው። ቁርጥራጭ አቅልጠው የሚሠሩም አሉ። በዋጋው ላይ ግን ዶላርና ጅቡቲ ሁልጊዜ አሉበት። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት ዶላሩ በባንክ ዋጋ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ችግሩ አለመገኘቱ ነበር። ምንዛሪው በገበያ ይመራ ከተባለ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት «ብረት የለም» ይባል ነበር፣ ከዚያ በኋላ «አለ፣ ግን ዋጋው ይሄ ነው» መባል መጣ። በዚያ ላይ ከ2016 ኅዳር ጀምሮ በቀይ ባሕር በመርከቦች ላይ የተከፈተው ጥቃት የማጓጓዣና የኢንሹራንስ ወጪውን አንሮታል።

ሲሚንቶ ሌላ ነው። የኖራ ድንጋዩም፣ ፒፒሲ በሚባለው ቅልቅል ሲሚንቶ ውስጥ የሚገባው ፑሚስም (የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ከራሳችን መሬት የሚወጣ ነው። ነዳጁና መለዋወጫው ነው በዶላር የሚመጣው። ለሚ ላይ የተሠራው ትልቁ ፋብሪካ በመስከረም 2017 ሲመረቅም በገበያው ላይ አቅርቦት ጨምሯል። እንደ ድሮው ወረፋና ደላላ እያሳደዱ ሲሚንቶ የሚያከማቹ ሰዎች አሁንም አያለሁ። ልማድ ነው እንጂ ስሌት አይደለም። ሲሚንቶ ከሦስት ወር በላይ ከተቀመጠ፣ በተለይ በክረምት፣ አቅሙ በግልጽ ይቀንሳል። የሦስት ሳምንት ሥራ የሚበቃችሁን ግዙ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ በጣውላ ላይ ደርድሩ፣ ቀድሞ የገባውን ቀድማችሁ ተጠቀሙ። በቃ።

የመግዣ ጊዜው ጭንቀት እንግዲህ የሚገባው ለብረቱ ነው።

ብረቱን በሙሉ አሁን፣ በደረጃ፣ ወይስ በቀብድ?

ሦስት መንገድ አለ።

አንደኛው ከፋውንዴሽን እስከ ላይኛው ቢም (አግዳሚው ተሸካሚ) የሚያስፈልገውን በአንድ ጊዜ ገዝቶ ማስቀመጥ ነው። ዋጋ በሚወጣበት ጊዜ ብልጠት ይመስላል። ሂሳቡን ግን እንሥራው። ለምሳሌ 1 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ብረት ገዝታችሁ ሥራ ላይ የሚውለው ከ10 ወር በኋላ ነው እንበል። ገንዘቡ በ18 በመቶ ወለድ የተበደራችሁት ከሆነ በ10 ወር ውስጥ 150,000 ብር ወለድ ይቆጥራል። ብረቱ ከ15 በመቶ በላይ ካልጨመረ ከስራችኋል ማለት ነው። ገና ዘበኛውንና ሌብነቱን አልጨመርንም። ብድር የሌለበት፣ እጅ ላይ ያለ ጥሬ ብር ከሆነ ሂሳቡ ይለያል፤ ብሩ ሲቀመጥም ዋጋ ያጣልና። ቢሆንም ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ብሩ በሙሉ ብረት ከሆነ አሸዋና ጠጠሩን፣ የባለሙያውንም ክፍያ በምን ትሸፍናላችሁ? ብረቱ ግቢ ውስጥ ተከምሮ ሥራው የቆመባቸው ቤቶች በየሰፈሩ አሉ።

ሁለተኛው በደረጃ መግዛት ነው። ፉቲንግ (የመሠረቱ እግር) እና ግሬድ ቢም (በመሬት ደረጃ ያለው ቢም)፣ ከዚያ ኮለንና ሶሌታ (የአርማታ ወለሉ)፣ ከዚያ የላይኛው። እኔ የምመርጠው ይህንን ነው፣ አንድ ማስተካከያ ታክሎበት፦ ሁልጊዜ አንድ ደረጃ ቀድማችሁ ግዙ። ፉቲንግ ሲሞላ የኮለኑና የሶሌታው ብረት ግቢ ውስጥ ይሁን። ዋጋው በድንገት ቢዘል እንኳ የጀመራችሁትን ደረጃ ትዘጋላችሁ። ጅምር ቤትን የሚጎዳው መሃል ላይ መቆም ነው። ከግሬድ ቢም በላይ ብረቱ ሰማይ ላይ አፍጥጦ ሁለት ክረምት ሲያልፍበት፣ ሲመለሱበት ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ መፈተግ፣ ከባሰም መሐንዲስ ጠርቶ ማስመርመር ሊኖር ነው። መቆም ግድ ከሆነ የወጣውን ብረት በቀጭን የሲሚንቶ ውሃ ቀቡት።

ሦስተኛው ለነጋዴው ቀብድ ከፍሎ «በዛሬ ዋጋ ያዝልኝ» ማለት ነው። ያጓጓል። ማከማቻም ዘበኛም አያስፈልግም። ነገር ግን ዋጋው ከወጣ ነጋዴው ዕቃውን የማስረከብ ፍላጎቱ ይቀንሳል፣ ከወረደ ደግሞ የእናንተ። በጽሑፍ ያልሰፈረ ቀብድ ወረቀት እንኳ አይደለም። ዓይነቱ፣ ኪሎው፣ የኪሎው ዋጋ፣ የሚረከቡበት ቀን፣ ዕቃው ካልቀረበ የሚመለሰው ገንዘብ፣ ሁሉም ተጽፎ ማኅተም ካረፈበት ብቻ አስቡበት። ከሁለት ወር ላለፈ ጊዜ ግን አልመክርም።

በቤርጋ ወይስ በኪሎ?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ገንዘብ የሚፈስሰው እዚህ ነውና።

አንድ ቤርጋ፣ ማለትም አንድ ሙሉ ዘንግ ብረት፣ 12 ሜትር ነው። ባለ 12 ሚሊሜትሩ ትክክለኛ ከሆነ 10.65 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ባለ 8ቱ 4.7፣ ባለ 10ሩ 7.4፣ ባለ 14ቱ 14.5፣ ባለ 16ቱ 19 ኪሎ ያህል። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ የብረቱን ውፍረት በሚሊሜትር ወስዳችሁ በራሱ አባዙት፣ ለ162 አካፍሉት፣ የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ ይመጣል።

አሁን ሁለት ሱቅ እንጠይቅ። አንዱ «ባለ 12 ቤርጋ» ብሎ ረከስ ያለ ዋጋ ይነግራችኋል። ሌላው በኪሎ ይሸጣል፣ ሲሰላ ይወደዳል። የመጀመሪያው ብረት ግን በእውነት 11 ሚሊሜትር ከሆነ ክብደቱ 9 ኪሎ ገደማ ነው። 16 በመቶ ብረት ጎድሏል። ዋጋው 10 በመቶ ቢረክስ እንኳ በኪሎ የከፈላችሁት ይበልጣል። በዚያ ላይ መሐንዲሱ ያሰላው ጉልበት ኮለኑ ውስጥ የለም። 11 ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ደግሞ የለም፤ ስሙ ሁልጊዜ 12 ነው።

በዓይን አይለይም። ብረቱ ጥርስ ስላለው በካሊፐር መለካትም ያሳስታል። የሚሻለው ይሄ ነው፦ ከመጫኑ በፊት ከአንዱ ቤርጋ ልክ 1 ሜትር አስቆርጡ፣ አጠገብ ካለ የሽንኩርትና ድንች መሸጫ ሚዛን ላይ አስቀምጡት። ባለ 12ቱ 888 ግራም፣ ባለ 10ሩ 617 ግራም፣ ባለ 8ቱ 395 ግራም ሊመጣ ይገባል። ባለ 14ቱ 1 ኪሎ ከ210፣ ባለ 16ቱ 1 ኪሎ ከ580። ጥቂት ግራም ከፍና ዝቅ ማለት ያለ ነው፣ ደረጃውም ይፈቅዳል። ከ100 ግራም 15ቱ ከጎደለ ግን «መቻቻል» የሚባል ነገር የለም። ሻጩ ቅር ካለው ሱቅ ቀይሩ። ብዛት ያለው ከሆነ የመኪና ሚዛን ላይ ባዶውንና ሙሉውን አስመዝኑ፣ ወረቀቱን ያዙ።

ሌላ የአምስት ደቂቃ ፈተና አለ። ፌራዮው (ብረት ቆራጩና አሳሪው) አንዱን ጫፍ እንደ ስታፋ ያጥፈው። ማጠፊያው ላይ ስንጥቅ ከታየ ያ ብረት ቤት አይግባ።

የሀገር ውስጥ ወይስ የውጭ? ሰው «የቱርክ ከሆነ እሺ» ይላል። የመጣበት አገር ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። የፋብሪካው ምልክትና ግሬዱ (የጥንካሬ ደረጃው) በብረቱ ላይ ተቀርጾ መነበቡ፣ የፍተሻ ወረቀት መኖሩ፣ ክብደቱ መሙላቱ ነው ወሳኙ። እነዚህን ያሟላ የሀገር ውስጥ ብረት ካገኛችሁ ውድ ለሆነው የውጭ ብረት የምትጨምሩት ብር ትርፉ ለስም ነው። ግሬድን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «60 ስለጠፋ 75 ውሰድ፣ ይበልጣል» ሲሏችሁ የብረቱን ብዛት ራሳችሁ አትቀንሱ። ፕላኑ በየትኛው ግሬድ እንደተሰላ መሐንዲሱን ጠይቁ፣ ለውጡንም በጽሑፍ ይስጣችሁ።

ብረት በእውነት የሚቆጠብባቸው ቦታዎች

የመጀመሪያው ፕላኑ ላይ ነው። በ4 ሜትር ስፋት ላይ የሚያርፍን ሶሌታ ወደ 5 ሜትር ተኩል ስትወስዱት፣ ሊያጎብጠው የሚሞክረው ኃይል ከቀድሞው 1.9 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ሶሌታው ይወፍራል፣ ብረቱ ይበዛል፣ ቢሙ ይከብዳል፣ ኮለኑም ይከተላል። ሳሎኑን በአንድ ሜትር መቀነስ ወይም መሃሉ ላይ አንድ ቢም መቀበል ከነጋዴ ጋር ሳምንት ሙሉ ከመከራከር የበለጠ ያተርፋል። ፕላን ያላጸደቀ ሰው ዕድለኛ ነው። አርክቴክቱ ዘንድ ተመልሶ «ስፓኑን (በምሰሶዎቹ መሃል ያለውን ርቀት) አጥብብልኝ» ማለት ይችላል።

ጂ+1 ለሚሠሩ የሶሌታው ዓይነትም ምርጫ ነው። ድፍኑ ለመሥራት ቀላል ነው፣ ባለሙያውም ያውቀዋል፤ ነገር ግን አርማታና ብረት ይበላል። መሃሉ ላይ ብሎኬት የሚገባበት ሪብድ ስላብ ወይም በቅድሚያ የተሠሩ ቢሞች የሚደረደሩበት ዓይነት ክብደቱ ያንሳል፣ ስፋት ላይም ያዋጣል። ኮንዶሚኒየም የሠራ ባለሙያ ያውቀዋል። የማያውቅ ፎርማን ከያዛችሁ ግን ድፍኑ ይሻላል፤ በብረት ያተረፋችሁትን በጥገና ትመልሱታላችሁ።

ሁለተኛው ፋውንዴሽኑ ነው። «አሁን ምድሩን ብቻ፣ ፋውንዴሽኑን ግን ለጂ+2 ልጣል» የሚለው ሰው ብዙ ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ በእርግጥ የሚሠራ ከሆነ ጥሩ ነው፤ በኋላ ፋውንዴሽን ማጠናከር መከራ ነውና። ጂ+1ን በቁም ነገር ያሰበ ለጂ+1 ይጣል። «ምናልባት ልጆቼ» ከሆነ ግን ውድ ብረት አፈር ውስጥ እየቀበራችሁ ነው።

ሦስተኛው አቆራረጥ ነው። ለፌራዮው ቤርጋ አስረክቦ መሄድና የመቁረጫ ዝርዝር ሰጥቶ መሄድ አንድ አይደሉም። ኮለናችሁ ከነመደራረቢያው 3.60 ሜትር ብረት ከፈለገ ከአንድ ቤርጋ ሦስት ይወጣል፣ 1.20 ሜትር ይተርፋል። ይህ ከቤርጋው አሥር በመቶ ነው። ያ ትራፊ የሶሌታ መደገፊያ ወይም የአጭር መስኮት አርኪትራቭ (ከመስኮቱ በላይ የሚያርፍ ቢም) ይሆናል፤ ዝርዝር ከሌለ ግን ወደ ምናለሽ ተራ፣ ወደ ቁርጥራጭ ገበያው፣ ይሄዳል። 30 በ30 ለሆነ ኮለን የባለ 8 ስታፋው ርዝመት ከነመንጠቆው 1.20 ገደማ ነው፣ ከአንድ ቤርጋ አሥር ይወጣል። ፌራዮው ዘጠኝ ካወጣ ጠይቁት።

የማይቆጠብበትን ደግሞ ልድገመው። ስታፋ በ15 ሳንቲም ይታሰር ተብሎ ከተሣለ በ15 ይታሰር። «20 ይበቃዋል፣ እኔ ስንት ቤት ሠርቻለሁ» የሚለው ወሬ ብረት በተወደደ ቁጥር ይበዛል። በታኅሣሥና ጥር 2017 ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ይነሣ የነበረው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ፎቅ ሲያወዛውዝ ሰው ሌሊት ደጅ ወጥቶ ነበር። በዚያ ሰዓት ኮለኑን የሚይዘው ያ ስታፋ ነው።

ሲሚንቶ፦ ኦፒሲ ወይስ ፒፒሲ

አጭር ነው። ለኮለን፣ ለቢምና ለሶሌታ ኦፒሲ (ያልተቀላቀለው ሲሚንቶ) 42.5፤ ቁጥሩ የጥንካሬ ደረጃው ነው። ቶሎ ይጠነክራል፣ ፎርምወርኩም (አርማታውን የሚይዘው ቅርጽ ማውጫ) ቶሎ ይነሣል። ለግንብ፣ ለልስንና ለወለል ፒፒሲ 32.5 ይበቃል፣ ይረክሳልም። ኦፒሲ ጠፍቶ በፒፒሲ ሶሌታ መሙላት ካስፈለገ መሐንዲሱ መጠኑን ያስተካክል፣ ድጋፉም ይቆይ፣ ውሃ ማጠጣቱም ከሳምንት ወደ ሁለት ይራዘም። ሲ-25 ለሚባለው የጥንካሬ ደረጃ አርማታ በተለመደው አሠራር በአንድ ሜትር ኩብ 3.6 ኩንታል ሲሚንቶ ይገባል። ሶሌታው በሚሞላበት ቀን ከረጢት የሚቆጥር የራሳችሁ ሰው ይቁም። ሁለት ከረጢት አንድ ኩንታል ነው፣ ሰባት ከረጢት በሜትር ኩብ ካልደረሰ የሆነ ነገር ጎድሏል።

ጣሪያ

ለጣሪያው ተሸካሚ ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ የብረት ዘንግ) ወይስ ባሕር ዛፍ? ብረት በተወደደበት ጊዜ ለምድር ቤት በደንብ የደረቀና ምስጥ መከላከያ የተቀባ ባሕር ዛፍ ያዋጣል። ሰፊ ስፓን ካለ ወይም ምስጥ የበዛበት አካባቢ ከሆነ ቱቦላሬ። ቆርቆሮ ላይ የጌጁ ቁጥር ሲጨምር ውፍረቱ ይቀንሳል፤ 35 ከ28 የሳሳ ነው። ለመኖሪያ ከባለ 30ው የሳሳ አትግዙ፤ 35ቱን ለሰርቪስ ወይም ለጊዜያዊ መጋዘን ተዉት።

ሙሉ ኮንትራት ወይስ ጉልበት ብቻ?

ዋጋ በተረጋጋበት ጊዜ ዕቃውንም ጉልበቱንም ለአንድ ኮንትራክተር ሰጥቶ መተኛት ይቻል ነበር። አሁን ግን ቁርጥ ዋጋ የሚሰጥ ኮንትራክተር ሁለት ነገር ያደርጋል። ወይ ፍርሃቱን ዋጋው ላይ ይጭነዋል፣ ወይ በርካሽ ይይዝና ብረቱ ሲጨምር መሃል ላይ ይጠፋል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይብሳል።

ጉልበት ብቻ መስጠት ደግሞ ከምስማር እስከ ሲኖ ትራክ አሸዋ ድረስ እናንተን ያሯሩጣል። ቢሮ ለሚውል ሰው አይሆንም። ዕቃ ዘግይቶ ባለሙያው በዋለ ቁጥርም የውሎ ይጠይቃችኋል፣ እውነትም አለው።

እኔ የማዘነብለው ወደ መሃሉ ነው። ብረትና ሲሚንቶ በእናንተ፣ አሸዋ፣ ጠጠር፣ ብሎኬት፣ ፎርምወርክና ጉልበት በእሱ። ዋጋው በጣም የሚዋዥቀው ዕቃ በእጃችሁ ስለሆነ እሱ ፍርሃት አይጭንም፣ እናንተም አትታለሉም። ብክነት ላይ ብቻ ተስማሙ፦ ከመቁረጫው ዝርዝር በላይ ከ5 በመቶ ያለፈ ብረት ከሄደ በእሱ ሂሳብ ይሁን።

ሙሉ ኮንትራት ግድ ከሆነ ውሉ ላይ የፈረማችሁበት ቀን የብረት የኪሎ ዋጋና የሲሚንቶ የኩንታል ዋጋ ይጻፍ። ልዩነቱ ሲጨምርም ሲቀንስም ይታሰብ። «ሲጨምር ብቻ» ብሎ የሚያመጣውን ውል አትፈርሙ። ቅድሚያ ክፍያውንም በተቻለ መጠን ለኮንትራክተሩ ሳይሆን ለብረት ሱቁ በባንክ አስተላልፉ።

ይህ የመጨረሻው ነገር ውጭ ሆኖ ቤት ለሚያሠራ ሰው በተለይ ይጠቅማል። ዋሽንግተንም ሆነ ጅዳ ሆናችሁ ለወንድም ወይም ለአክስት ብር ስትልኩ፣ ዘመዱን ከጥርጣሬም ከፈተናም አድኑት። ፕሮፎርማው በዋትስአፕ ይምጣላችሁ፣ ክፍያው በቀጥታ ወደ ሱቁ ሂሳብ ይግባ፣ ዘመዱ መረከብና ማስመዘን ብቻ ይሁን ሥራው። የሚዛኑን ቪዲዮ ጠይቁ፣ የቤርጋውን ፎቶ ሳይሆን። ፎቶ ላይ 11ም 12ም አንድ ነው። ምንዛሪው ስለጨመረ «የእኔ ዶላር ይበቃል» ብሎ ፕላን ማስፋትም አለ፤ ብረቱም አብሮት እንደጨመረ ሂሳቡን ከላካችሁ በኋላ ታዩታላችሁ።

ደረሰኝ ሳይቆረጥ «ቫቱን ልተውልህ» የሚል ሻጭ ይገጥማችኋል። 15 በመቶ ትልቅ ብር ነው፣ ያጓጓል። ያለ ደረሰኝ የገዛችሁት ብረት ግን ክብደቱ ቢጎድል መመለሻ የለውም፤ እንዲህ የሚል ሱቅም ብዙ ጊዜ በቤርጋ እንጂ በኪሎ አይሸጥም።

በርና መስኮት፣ አጥር፣ የውጭ በር የመጨረሻ ናቸው። ሁሉም ብረት ወይም አልሙኒየም ስለሆኑ ከዶላሩ ጋር ይወጣሉ፤ ነገር ግን ከኮለን በተለየ ሊጠብቁ ይችላሉ። የግቢውን በር ለጊዜው በቆርቆሮ ዝጉትና በዚያ ብር የላይኛውን ቢም ሙሉ። መስኮቱን በሁለት ዙር ማስገባት ይቻላል፣ መኝታ ቤቶቹን ቀድሞ። ጎረቤት ቢያማ ይማ።